ሠላሳ ሰባት ጀልባ

ከምድር ቤት ነው እኔ መጽሐፍ የማወጣ፣
ሦስት ፎቅ ቁልቁል ወርጄ፣ ሦስት ፎቅ የምመጣ፤
አሳንሰሩ ከቆመ ጉልበቴ ያለቀ፣
ከአንባቢው ይልቅ አቧራው ስሜን ያወቀ።

በጥር ወር፣ ከውቅያኖስ ዝናብ ሲጋልብ፣
የንባብ ክፍሉን ጣራ ሲደበድብ፣
ኢዳሊና መጣች፤ ጃንጥላዋ የተሰበረ፣
ዓይኗ ከእንቅልፍ ጋር የተኳረፈ የነበረ።
«የዶክትሬት ጥናቴ ነው፤ ስለ ጨው፤ አራት ዓመቴ፤
ብድሩ በላኝ፤ 'መቼ ነው?' ማለት ሰለቻት እናቴ፤»
አለችኝ፣ ሳልጠይቃት።
ሰው ሦስት ቀን ዝም ብሎ ካነበበ በኋላ
ቁልፍ ለያዘ ሁሉ ይናዘዛል።

ነገሩ እንዲህ ነው፤
በወደባችን ታሪክ፣ በየመጽሐፉ በር፣
«በዚያ ዓመት በወንዙ ሦስት መቶ ሰባ ጀልባ ነበር፣
ጨው የጫነ» ይላል።
ከንቲባው በበዓል ቀን ይምልበታል።
ዶክተር ባልታዛርም፣ አማካሪዋ፣ በወፍራም መጽሐፉ
በዚያች ቁጥር ትከሻ ነው የቆመ ምዕራፉ።
የእሷም ሦስተኛ ምዕራፍ በዚያው ላይ ተማገረ፤
የቀራት አንድ የግርጌ ማስታወሻ ነበረ፤
«ከየት ተገኘ?» የምትል፣ ጥፍር የምታህል መስመር።

ባልታዛርን ገለጠች፤ «እገሌ እንዳለው» ይላል።
እገሌን አመጣሁላት፤ «እገሊት እንደጻፈችው» ይላል።
እገሊት ደግሞ፣ በደበዘዘ ፊደል፣
«እንደሚታወቀው» ብላ ታልፋለች በድል።
እንደሚታወቀው!
ስንት ሰነፍ በዚህች ቃል ጥላ ሥር ተኝቷል።
ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች፤
ምሁር ግን ሲሉ ሰምቶ ይሾማል።

ዘጠኝ ቀን ወረድሁ፤ ዘጠኝ ቀን ወጣሁ።
የካርዱን መሳቢያ ጎትተን አጣን፤
ኮምፒውተሩንም ጠየቅን፤ «ውጤት የለም» አለን።
ምሳዋን ደረጃው ላይ፣ ሳርዲን በዳቦ፣
ግማሹን ለእኔ እየሰጠች። ዘይቱ ጣቷን አርሶ፣
ታጥባ፣ አድርቃ፣ እንደገና።

በአሥረኛው፣ ከማሞቂያው ቧንቧ ጀርባ፣
ማንም ያልመዘገበው፣ በሸራ የተጠቀለለ፣
የግብር ጸሐፊ መዝገብ፣ ጥጉን አይጥ የበላው።
ሲገለጥ ጨው ጨው ሸተተኝ። ምናልባት መስሎኝ ነው።
ጓንቷን አጠለቀች፤ እስትንፋሷን ውጣ፣
ጣቷ በዓምዱ ቁልቁል እየመጣ፣ እየመጣ፣

ሠላሳ ሰባት።

ከጎኑ ክብ ነገር። ዜሮ ግን አይደለም።
ብዕሩ ሲነሣ የተንጠባጠበ ቀለም።
ከሥሩ ስማቸው አለ፤ አንድ በአንድ አነበበችው፤
የመበለቲቱ የብሪዚዳ፣ «ትዕግሥት» የምትባለው፤
የአንድ ዓይናው የዛካሪያስ፣ ቀዳዳዋ በሬንጅ የተደፈነ፤
የሁለት ወንድማማቾች፣ በፍርድ ቤት ለሁለት የተከፈለ።
(ጀልባ እንዴት ለሁለት ይከፈላል? አላለም።)
ሠላሳ ሰባት ስም። ሌላ የለም።

ገመድ ሳይበጠስ፣ ሸራ ሳይርስ፣
በአንድ ከሰዓት በኋላ
ሦስት መቶ ሠላሳ ሦስት ጀልባ ሰጠመ።
አንድም ሰው አልሞተ፤ አንድ ምዕራፍ ብቻ ታመመ።

«እንተወው ይሆን?» አለችኝ። «ማን ያውቃል?»
መከላከያዋ ሰኔ ላይ ነው። ምን እላለሁ?
እኔ የማውቀው መደርደሪያ ነው።
«ይሄ መዝገብ ካርድ የለውም፤
ስመልሰው የት ልመልሰው?» ብዬ ጠየቅኋት።
ብዙ ቆየች። ከዚያ እርሳስ ለመነችኝ፤
ካርዱን ራሷ ጻፈችው፣ የቅጠል ቁጥሩን ሳይቀር፣
የቀለም ጠብታውንም ሳትዘል።

ደብዳቤዋ ከደረሰው ባልታዛር አሥር ቀን ዝም አለ።
በአሥራ አንደኛው መጣ፣ ካፖርቱ ውሃ የጠጣ፤
ክንዴን ይዞ ሦስቱን ፎቅ ወረደ፤
ቁጣም ሰላምታም አልወጣው።
መብራቱን ያዝሁለት። መነጽሩን ጠረገ።
ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ፣ እንደ ሕፃን በጣቱ፣
የብሪዚዳን፣ የዛካሪያስን፣ የወንድማማቾቹን…
ሠላሳ ሰባት ሲደርስ ቆመ።

ጠበቅሁት።
ጣቱን ወደ ላይ መለሰ፤
እንደገና ከአንድ ጀመረ።