ተተኪ እስኪመጣ

የካ አባዶ ጫፍ፣ አስፋልቱ አልቆ ጭቃ ከሚጀምርበት፣
ሦስተኛ ፎቅ ላይ የቀረ ግንብ አለ፣ ክዳን የሌለበት።
ተቋራጩ ከጠፋ ሁለት ክረምት አልፎታል፤
ብረቱ ዝጓል፣ የሲሚንቶ ማቡኪያው ሣር በቅሎበታል።

እዚያ በር ላይ (በር እንኳ የለው፣ ሁለት በርሜልና አጣና)
ሃምሳ አለቃ ወንድይፍራው አሉ፣ በካፖርት፣ አንገታቸው ቀና።
ደሞዛቸው እንደቆመ ስድስት ወሩ፤ እሳቸውም እንደቆሙ አሉ፤
አንዱን ግሥ ለጉድለትም ለጽናትም አዋሉ።
ሰፈሩ «ነካ አድርጓቸዋል» ይላል፤ የባጃጅ ልጆች ይስቃሉ፤
እሳቸው ግን እጃቸውን ወደ ግንባር አንስተው ለሁሉም ሰላም ይላሉ።

እኔ ከማዶው ኮንዶሚኒየም፣ አምስተኛ ፎቅ ነኝ፤
ሰንበት ትምህርት ቤት ያደግሁ፣ አሁን ጸሎት ሲጀመር እንቅልፍ የሚጥለኝ።
ማዕተቤ ከአንገቴ አልወረደም፤ ከሥሩ ያለው ነገር ግን
እምነት ይሁን ልማድ፣ ለይቼው አላውቅም እስካሁን።

አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ፣ ሻማ ልገዛ ስወርድ፣
አገኘኋቸው፣ ጢማቸው ላይ ጤዛ፣ ተገትረው በዚያ ብርድ።
«ጋሼ» አልኳቸው፣ «ማን ያይዎታል? አሠሪው የለ፣ ተቆጣጣሪ፤
ይግቡ ይተኙ፤ ዝገት ለሚጠብቅ ማን ነው መስካሪ?»

አልሳቁም፤ አልተቆጡም። ባትሪያቸውን አጠፉ፣ ለቁጠባ፤
«ልጄ፣ ወታደር ከጥበቃ አይወርድም፣ ተተኪው መጥቶ ተራው ሳይገባ።

«ናቅፋ ግንባር፣ ምሽግ ውስጥ፣ ሬዲዮናችን ሞተ፤
የመጨረሻው ቃል ‹ያዙ!› ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ጸጥታው በረታ፣ ሰነበተ።
ሰባት ሌሊት ማንም ‹ጽና› ያለን የለም፣ ማንም ‹ተመለስ›፤
ዝምታ ትእዛዝ አይሽርም፤ የሚጸናው ያለፈው ነው፣ ሌላ እስኪደርስ።
እግዚአብሔርም ዝም ሲል እንዲያ ነው የማስበው፤
‹እርስ በርሳችሁ ተዋደዱ› ብሎ ነበር፤ ማን ነው የሰረዘው?

«ውሃ? አንድ ኮዳ ለዘጠኝ። ከኔ ጀምሮ ዞረ፤
ተመልሶ እጄ ሲገባ፣ ሆዱ ገና ይንቦጫረቅ ነበረ።
እያንዳንዱ ከኋላው ላለው አስቦ፣ የጠጣ መሰለ እንጂ አልጠጣም፤
ዛሬም ቁርባን ስቀበል ያ ኮዳ ከልቤ አይወጣም።»

እዚህ ላይ የጀግና ወሬ ይቀጥላል ብዬ ጠበቅሁ፤
ሁለት ጣት የቀረውን እጃቸውን ኪስ ሲከቱት አየሁ።

«አንድ ልጅ ገድያለሁ። ቅርብ ነበር፣ ጥርሱን አይቻለሁ።
ስሙን አላውቅም። በየዓመቱ ስለ ነፍሱ ጧፍ እሰጣለሁ።
ቄሱ ‹የክርስትና ስሙ ማን ነው?› አሉኝ፤ ምን ልበላቸው?
‹ወልደ ሚካኤል› አልኩ። የኔን ስም ነው የሰጠኋቸው።
እና ‹ወልደ ሚካኤልን አስብ› ባሉ ቁጥር
ለሱ ይሁን ለኔ አልጠይቅም፤ ይቆይ፣ የሰማይ ምሥጢር።

«ጦርነትን አታመስግንብኝ፤ አውሬ ነው፣ ሰው በላ፤
ከአፉ የነጠቅሁት ይህችኑ ነው፤ ምንም የለኝ ሌላ።»

ከኮረብታው የኪዳን ደወል ወረደ። አንገታቸው ወደዚያ ዞረ፤
እግራቸው ግን አልነቃነቅ አለ፣ በርሜሉ ሥር ቀረ።
ያኔ ገባኝ፣ ስንት ኪዳን እንዳመለጣቸው በዚህ በር።
«እኔ ልቁም» አልኩ። አዩኝ፣ ከእግር እስከ ራስ፣ እንደ ምልምል ወታደር።

ዱላውን ሰጡኝ፣ ባትሪውን፣ የካፖርቱን ሙቀት ጨምረው።
«የይለፍ ቃሉስ?» አልኩ፣ ቀልድ ብጤ። «አቤቱ ማረን» አሉ፣ መንገድ ጀምረው።

ሄዱ፣ ቀኝ እግራቸውን እየጎተቱ፣ ጭቃውን እየመረጡ።
ውሾች መጡ፤ አሸተቱኝ፤ አጠገቤ ተቀመጡ።
በማዶ መብራት መጣ፤ የኔም መስኮት በራ፣ ባዶውን።
እግሬ በረደ፤ ሊነጋ ነው፤ ተተኪ የለም እስካሁን።
«ማን ያይዎታል?» ያልኩት ነገር ዞሮ እኔን አገኘኝ አሁን።

ቆምኩ።