የካፒቴን ኤውሎሂዮ ጠርሙስ

ካፒቴን አረፈ አሉኝ፣ ማክሰኞ ሊነጋ ሲል፣
በጣውላ ታንኳዬ ላይ አንድ አውቶቡስ ሳስተካክል።
ሾፌሩ ጡሩምባ ነፋ፣ «ኧረ ፍጠን!» አለኝ፤
ገመዱን እንደያዝኩ ቀረሁ፣ እጄ አልታዘዝ አለኝ።

እዚህ ቲኪና ላይ፣ የሐይቁ አንገት በጠበበበት፣
መኪና በታንኳ፣ ሰው በጀልባ በሚሻገርበት፣
የባሕር ኃይል መኮንን ነበር፣ ባሕር ለሌላት አገር፤
ለደመና በቀረበ ከፍታ፣ መልሕቅ በትከሻው የሚያኖር።

ለጋ ምልምል ሳለሁ፣ እሱ ነው ያስተማረኝ
ቋጠሮ በጨለማ መፍታት፤ ስሳሳት ደግሞ ያሳሰረኝ።
ዋና አልችልም ነበር፤ የሐይቁ ብርድ ይገድላል፤
«ውሃ የሚፈራ መርከበኛ፣ ቢያንስ አይሰምጥም» ይላል።

ቁጡ ነበር፣ አልዋሽም፤ ሙት ወቃሽ አያድርገኝ፤
ጫማዬ ባይጠረግ አንዴ፣ ሌሊቱን ውርጭ ላይ አቆመኝ።
ጠዋት ግን የራሱን ካልሲ ወርውሮልኝ ሄደ፤
ያ ካልሲ ዛሬም አለኝ፣ ተረከዙ ብቻ የተቀደደ።

ጡረታ ከወጣ ወዲህ፣ ከወደቡ ጥግ ተቀምጦ፣
የኛን ታንኳዎች ይቆጥራል፣ ደብተሩ ላይ አፍጥጦ፦
«ስድስት ሰዓት ከሩብ። አንድ አውቶቡስ፣ አሥራ ሁለት በግ።
ነፋስ ከሰሜን። ማዕበል ጥቂት።»
ማን ያነበው፣ ማን ይፈልግ?
«ድንቼን ቢቆጥርልኝ» ትላለች ሚስቱ ሳቱርኒና፣ «ምን አለበት፤
ሐይቁ እንደሁ የትም አይሄድ፣ ቢቆጠር ባይቆጠር አይጎድልበት!»
ዘጠኝ ደብተር ሞላ።

በመጋቢት፣ በባሕሩ ቀን፣ የተነጠቀው ጠረፍ ሲታወስ፣
ተማሪው ባንዲራ ይዞ፣ የከበሮው ድምፅ አስፋልቱን ሲያርስ፣
ሌሎቹ ጡረተኞች ሁሉ ንግግር ያደርጉ ነበር፤
እሱ ሰላምታ ሰጥቶ ይሄዳል፣ አንዲት ቃል ሳይናገር።
እኛም እንለው ነበር፣ «ያላየውን ምን ብሎ ያውራ?
ሳያየው ሊሞት ነው እኮ፣ ይኼ ነው የሱ መከራ።»

ለቅሶው ላይ ሣጥኑ ተከፈተ፣ ሜዳሊያው እንዲወጣለት፤
ከደብተሮቹ ስር ጠርሙስ ተገኘ፣ ቡሹ በሰም የታሸገበት።
የአክስቱ ልጅ ኒካኖር፣ ለመጠጥ የማይሰንፍ፣
«ሲንጋኒ ነው! ደብቆብን!» ብሎ ሞላው በአፍ፤
ተጎነጨ፣ ተፋውም፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤
«ጨው ነው!» አለ። የለቅሶ ቤቱ ወሬ ሁሉ ተሰበረ።

ያን ጊዜ ሳቱርኒና ሳቀች፤ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች፤
ክብ ባርኔጣዋን አውልቃ፣ ጉልበቷን በመዳፏ መታች፦
«ለጡረታ ወረቀት ላ ፓዝ ልሂድ ብሎኝ ነበር፤
ሦስት ቀን ጠፋ። ሲመለስ፣ ሱሪው ላይ ነጭ መስመር፣
እስከ ጉልበቱ ነጭ መስመር። ሴት አለችው ብዬ ዝም አልኩ፤
ሱሪውን አጠብኩት፤ ቂሜን ግን አሥራ አንድ ዓመት አጠራቀምኩ!»

አሪካ ድረስ ሄዷል ለካ። መታወቂያ አሳይቶ፣ ተሰልፎ፣
ያለ ሜዳሊያ፣ በሹራብ፣ እንደ ማንም መንገደኛ ድንበሩን አልፎ፣
እስከ ጉልበቱ ገባ።
ምን አለ? ለውሃው ሰላምታ ሰጠ ይሆን?
ወይስ ጫማውን አንጠልጥሎ፣ ከማዕበሉ ሸሸ እንደ ሕፃን?
የዚያን ጊዜውን ደብተር ፈልጌ ገለጥኩ። አንድ መስመር፦
«አንድ ሰው። ነፋስ ከምዕራብ። ማዕበል ብዙ። ማዶ የለም።»

ከሳን ፔድሮ ወደ ሳን ፓብሎ፣ ሬሳውን በታንኳዬ ጫንኩት፤
ጠርሙሱን ማን ይያዝ ሲባል፣ እጄን ዘርግቼ ተቀበልኩት።
ሳቱርኒና ግን ነጠቀችኝ፤ «ለሾርባዬ ይሆናል» አለች፤
በመሐረቧ ጠቀለለችው፤
እስከ ማዶ ድረስ፣ ከጉያዋ ሳታወጣው ተሻገረች።