አግዛለሁ ባይ

ሐረጎን ወረድኩኝ፣ የደሴን ጉም ለብሼ፣
በደረቁ ወደብ ላቤን አባብሼ
ሰነድ ክፍል ገባሁ። ጦይባ ተክዛለች፣
ከሰማያዊው መስመር ጋራ ተፋጥጣለች።
መስመሩ አይሞላም። አርባ በመቶ ላይ
ከጠዋት ቆሟል አሉ፣ ወይ አይሄድ ወይ አይታይ።

«ሦስት ቀኑ» አለችኝ፣ «ይኸው እንደዚህ ነው፤
መብራትም አልጠፋ፣ እኔም ምኑን ልንካው?
መኪናው በሚሌ፣ በባቲ ሲገሰግስ፣
ፋይሉ ከዚህ ክፍል እዚያ ክፍል አይደርስ!»
ውጭ ሾፌሮቹ፣ ከተሳቢ ጥላ፣
ካርታ ይጥላሉ፤ የሚሠራ ሌላ
ነገር የለም።

ኬብሉን ቀየርኩት። ያው ነው።
ከስዊቹ ነቅዬ ሌላ ቀዳዳ ሰካሁ፣
አቧራውን ነፋሁ፣ አጥፍቼ አበራሁ፤
ያው ነው።
ቴሌን ረገምኩት፤ ቴሌ የለበትም፣
ገመዱ ከግቢው አንድ ክንድ አይወጣም።
ስጠራው ይሰማል፤ «አለሁ» ይላል ቶሎ፣
ትንሿን መልእክት ያደርሳል አቻኩሎ፣
ትልቁን ስልክለት ይንተባተባል፣
ይጀምራል፣ ይተዋል፣ ደግሞ ይጀምራል።

ሲመሽ ወጣሁ።
ከቦርከና በኩል ትንኝ ተነሳብኝ።
መጋዘኑ በር ላይ ጋሽ ይመር ተቆጣ፦
አንድ ጎረምሳ ነው፣ በቀደም የመጣ
ከወረባቦ፤ ጉልበቱ ሞልቶት
ሦስቱን ጆንያ ባንድ ገመድ አስሮት
ልግባ ይላል። በሩ እንቢ ይላል።
ከኋላው ሠልፉ፣ ትከሻው ጎብጦ፣ ቆሟል።
«ጉልበትህን ማን ጠየቀህ፣ አንት ልጅ?
ፍታው! በሩን ለካው፣ ክንድህን ተው እንጂ!»

እኔም ቆምኩኝ። ከዚያ ሮጥኩ።

ሽቦው ላይ ያለፈውን ስመዝን፣ ስቆጥር፣
የመሃሏ ማሽን፣ ካርዷ ነው የሚያስር።
ፕሮሰሰሩን ሊያሳርፍ፣ «አንተ አትድከም» ብሎ፣
ትንንሹን ፓኬት ባንድ ላይ ጠቅልሎ
ወደ ፊት ይገፋል፤ መንገዱ አይቀበል፣
ይጥላል። ካርዱ ግን «ልኬአለሁ» ነው የሚል።
ላኪው መልስ ሲያጣ እንደገና ይልካል፣
ያም እንደገና ያስራል።

አንድ ቃል ጻፍኩ፦ አጥፋ።
መስመሩ ትንሽ አሰበ። አርባን አለፈ፣
ስልሳን፣ ሰማንያን፣ እስኪሞላ አላረፈ።

ጦይባ ቦርሳዋን ይዛ፣ በሩ ላይ ቆማ፣
«ምን ሆኖ ነበረ?» አለችኝ ተገርማ።
«እያገዘ ነበር።»
«እንደ አማቴ በለኛ!» ብላ ሳቀች፣
ማኅተም ልትመታ ተመልሳ ገባች።
ውጭ አንድ ሞተር ተነሳ። ቀጥሎ ሌላው።

በደብተሬ ጻፍኩ፦ «ካርዱ አልተበላሸም፣
ጉልበታም ነው። በሩ ግን አይበቃውም።
ማሽኗ ስትታደስ ራሱን ያበራል፤
ያን ቀን ደውሉልኝ።»

ስወጣ ጎረምሳው ጆንያው ላይ ተቀምጦ
ቋጠሮውን በጥርሱ ይፈታል፣ አምጦ።
«ላግዝህ?» ልል ብዬ
ተውኩት።