ሩዝ አመላላሽ

(ናም ኡ ወንዝ ዳር፣ ሰሜን ላኦስ)

ቡንሎት ዛሬም ተያዘ፤ ይኸው ሦስተኛው ነው፤
በፊት በካርታ ነበር፣ ከምጽዋት ሳህኑ ሥር በሸሸገው፤
ቀጥሎ በውሰት ሞተር፣ በውድቅት ሌሊት፣
ካባው እንደ ባንዲራ ከኋላው ሲውለበለብበት፤
አሁን ደግሞ ከሰርግ ቤት ጎህ ሲቀድ ተመለሰ፣
አፉ አረቄ አረቄ እየሸተተ፣ እግሩ በጭፈራ ጭቃ እንደተለወሰ።
ዕድሜው ዐሥራ ዘጠኝ፤ ሲስቅ ግን የሰባት፤
በቁጣ እንጀምርና በሳቅ ነው የምንጨርስለት።

አበምኔቱ ካምሲንግ ጥርስ የላቸውም፣ ቃል ግን አያላምጡም፤
«ዋሻ ይግባ» አሉ፤ «ሦስቱን የዝናብ ወር ከዚያ አይወጣም።
የደፈረሰ ውኃ በእጅ አይጠራም፤ ይቀመጥ፤
ጭቃው ራሱ ያውቃል መቼ እንደሚዘቅጥ።»

ሒሳብ ያዡ ቶንግዲ (ሳይመነኩስ ግንድ ነጋዴ የነበረ)
ሳል ቢጤ አስቀድሞ እንዲህ ሲል ተናገረ፦
«የተቀመጠ ውኃ ይጠራል፤ ትንኝም ይፈለፈልበታል።
ልጁ ዓለምን ያያት በቀዳዳ ነው፤ በቀዳዳ ያዩት ያማልላል።
ካባውን ያውልቅ፣ ጀልባ ላይ ይሥራ፣ ይክሰር፣ ይመታ፣
ሲሰለቸው ይመጣል፤ ካልመጣም… ካልመጣ።»

እኔን ማንም አልጠየቀኝ። እኔ ሩዝ አመላላሽ ነኝ፤
ዐርባ ዓመት ከቡድሃው እግር ሥር፣ ወለሉ እንኳ ለምዶኝ።

ዋሻው ከገዳሙ ጀርባ፣ ከኖራው ገደል ወገብ ላይ ያዛጋል፤
ስምንት መቶ እርምጃ ነው፤ በዝናብ ስለሚያንሸራትት ዘጠኝ መቶ ይሞላል።
በመጀመሪያው ሳምንት፣ «ዝምታው እንዴት ነው?» ብለው፣
«የት አለ?» አለኝ፤ «ገበያውን ሁሉ ይዤ ገብቼ፣ ይኸው!
ሞተሩ እዚህ ይጮኻል» ግንባሩን ነካ፤ «ሙሽሪት እዚህ ትስቃለች፤
የሌሊት ወፍ እንኳ ጫጫታዬን ፈርታ ጥላኝ ወጥታለች።»

በሁለተኛው ወር አልሳቀም። ሩዙን ለጉንዳን ይበትናል፤
በስድስት ዓመቱ የሰረቀውን ዳክዬ አስታውሶ ያለቅሳል።
እኔም (ለምን እዋሻለሁ) ቀናሁ፤
እንደዚያ ያለ ዳክዬ በውስጤ ፈልጌ አጣሁ።

ዝናቡ ሳያባራ፣ ገና ዐሥራ አንድ ቀን ሲቀረው፣
ካባው ተጣጥፎ ድንጋይ ላይ፤ የሚለብሰው ሰው የለው።
ሳህኑ ታጥቦ ተደፍቷል። አነሣሁት፤ ካርታ ባገኝ
ደስ ይለኝ ነበር ያን ዕለት፤ ባዶው ነው ያስጨነቀኝ።
አበምኔቱ «ዋሻው አልያዘውም» አሉ፤ ቶንግዲ «ወንዙ ይይዘዋል» አለ፤
ሻያቸው ፈልቶ ቀዝቅዞ፣ በማግስቱም ሳይጠጣ ዋለ።

የጀልባዋ ባለቤት ማኒቫን መበለት ናት፤ ምላሷ ጨንገር፤
ቀዘፋ አስተማረችው፣ ስድብም፣ በቤንዚን ዋጋ መከራከር።
ከሰረ። ጠጣ። ተደበደበ፤ አንድ ጥርሱን ለወደቡ ሰጠ፤
አንዲቱን ወደደ፤ የሷ ልብ ግን በጭነት መኪና ወደ ከተማ አመለጠ።
እኔ በሳምንት አንድ ቀን ጨውና ላምባ ላመጣ ስሻገር፣
ሒሳብ አይቀበለኝም፤ ዐይኔን ግን አያይም ነበር።

ከዚያ የጎርፉ ዓመት። ወንዙ የሸክላ ቀለም ይዞ
ግንዱን እንደ ክብሪት እንጨት ያመጣል፣ ከነሥሩ መዝዞ።
አንዲት እናት መጣች፤ ልጇ በትኩሳት ነዷል፤ ሐኪም ቤቱ ከማዶ ነው።
ቡንሎት ገመዱን ፈታ። ማኒቫን ጮኸች፤ ማን ይመልሰው!
እኔ ከኋላ ነበርሁ፣ ላምባዬን አቅፌ እያቃሰትሁ፤
ዐርባ ዓመት የደገምሁትን የፓሊ ጸሎት በሙሉ ረሳሁ።
እሱ ግን… እንዴት ልበለው? አልቸኮለም፣ አልፈራም፤
ግንዱ ሲመጣ ያየዋል፣ ያሳልፈዋል፤ ከግንድ ጋር አይጣላም።
ትንፋሹን ሰማሁት፤ አውቀዋለሁ፤ የዋሻው ትንፋሽ ነው ያ፤
ክንዱ ግን የወደቡ ነበር፤ ጠባሳ በጠባሳ፣ የመቅዘፊያ።

እናቲቱ ዘልላ ወረደች፤ ሮጠች፤ ዞራም አላየች፤
ልጁ ይዳን አይዳን እስከ ዛሬ አልነገረች።

ጀልባዋን ወደ ድንጋዩ ሲያስጠጋ ጠየቅሁት ያኔ፦
«የትኛው ነው ያሳደገህ? ንገረኝ ቡንሎት፣ ለእኔ።
አበምኔቱ አርፈዋል፤ ቶንግዲ ግን አሁንም በየማታው
ከባዶ ወንበራቸው ጋር ይሟገታል፤ ምን ልንገረው?»

«ይቺን ያዝልኝ» አለና የገመዱን ጫፍ ወረወረ።
እርጥብ ነው፣ ይከብዳል፤ መዳፌን ልጦት ዞረ።
ሩዝ ብቻ የለመደ እጅ ገመድ አያውቅም ለካ፤
ወንዙ ይስባል፤ እግሬ ሰመጠ፤ ጭቃው ጉልበቴን ነካ።
«አይዞህ አባ፣ እንዳትለቀው!» ብሎ ሳቀ፤ ከፊት ጥርሱ አንዱ የለ፣
ልክ የሰባት ዓመት ልጅ። ላምባዬ ተደፍቶ ኖሮ፣ ወንዙ ላይ ቀስተ ደመና ሣለ።