ይግባኝ፦ ስለ አንድ ትርፍ ሰው

ለትራንስፖርት ቅሬታ ሰሚ፤
አመልካች ጓንጉል ነኝ፣ የአዘዞ ነዋሪ፣
ሰባት ዓመት ሙሉ የተማሪ ሰርቪስ አሽከርካሪ፤
ደግሞም የተረሳ ምሳ ዕቃ አስታዋሽ፣
የጫማ ክር አሳሪ።

የክሱ ወረቀት እንዲህ ይላል ባጭሩ፦
«ባለ አስራ አንድ ወንበር ነው፣ ይህ ነው የልኩ ዳሩ፤
አስራ ሁለት ሆነው ተገኙ፣ ልጆቹ ሲቆጠሩ።
ትርፍ ሰው ጭኗል።»
ቀን፦ ግንቦት ሃያ ሁለት። ቦታ፦ አውቶ ፓርኮ በሩ።
መቀጫ፦ ሺህ አምስት መቶ ብር፣
በአኃዝም በፊደልም፣ እንዳይጠፋ ምሥጢሩ።

አልዋሽም፤ አስራ ሁለት ነበሩ።
ሳጅን ላቀው በዝናብ ቆመው፣
በጣታቸው፣ አንድ በአንድ፣ ሁለቴ ነው የቆጠሩ።
ካፖርታቸው ይንጠባጠብ ነበር። አዘንኩላቸው።

የከነከነችኝ ያቺ ቃል ናት፣ «ትርፍ» የምትሏት።
እኔ የማውቀው ትርፍ፣ ገበያ ተውሎ፣
ወጪ ተቀንሶ፣ ሒሳብ ተጠቃሎ፣
እጅ ላይ የሚቀር ነው።
እንግዲያው ትርፌን አሳዩኝ!
ሂክማ አትከፍልም፤ ከጥር ወዲህ ስሟ ከዝርዝሬ ወጥቷል፤
አባቷ ከግንብ መወጣጫ ወድቆ፣ እግሩ ብረት ገብቶበታል።
እናቷ «ውሰድልኝ» አላለችም፣
እኔም «ላምጣት» አላልኩም፤
ሁለታችንም ለየራሳችን አፍረን፣ ወሩ አለፈ እንዲሁ።

ያን ዕለት ግን ቀሃ ደፍርሶ፣
ሰማዩ ድልድዩ ላይ ፈርሶ፣
አየኋት፤ ፌስታል ደፍታ፣
ደብተሯን ሹራቧ ሥር እንደ ጫጩት ሸጉጣ።
የሒሳብ ፈተና ነበረባት፤
በእግሯ ብትሄድ፣ ደወሉ ይቀድማታል።
ፍሬኑን የያዘው እግሬ ነው።
እኔን አልጠየቀኝም። ከሆነም እሱን ክሰሱት።
መንትዮቹ ጠጋ ጠጋ አሉና የወንበር ጫፍ ሰጧት፤
ያለ ቃለ ጉባኤ፣ ያለ ማህተም፣
ግማሽ ደቂቃ ያልፈጀ ውሳኔ።

ይህን ሁሉ ጽፌ፣ ፒያሳ፣ ጣልያን የሠራው ፎቅ ወጣሁ፤
ደረጃው በየእርምጃዬ እየተነጫነጨ።
«ሰብሳቢው አቶ ሽባባው የሉም» አለችኝ ጸሐፊዋ።
ማክሰኞ የሉም። ሐሙስ ስብሰባ። ሰኞ ለቅሶ።
ወንበራቸው ግን አለ፤ ጥቁር ቆዳ፣ ተሽከርካሪ፣
ኮታቸው ትከሻው ላይ ተጥሎ፣
ከሩቅ ሲያዩት ፍርድ የሚሰጥ መስሎ።
ስለዚህ ይህችም ትጻፍልኝ፣ ከመዝገቡ ትያያዝ፦
በእኔ መኪና፣ ወንበር ያጣ አንድ ሰው ተገኘ፤
በእናንተ ቢሮ፣ ሰው ያጣ አንድ ወንበር ተገኘ።
የትኛው ነው ትርፉ?

በአስራ አምስተኛው ቀን መልስ ወጣ፤
ማህተሙ ክብ፣ ቀለሙ ሐምራዊ፦
«ቅጣቱ ጸንቷል።» አለቀ። ምክንያት የለውም።
አገላበጥኩት፤ ጀርባው ነጭ ነው።
«ምነው፣ አልገባዎትም?» አለችኝ ልጅቷ።
አልገባኝም እቴ።
ይግባኝ ማለትስ፣ እስኪገባኝ አስረዱኝ ማለት አይደል?

ከፈልኩ። ግማሹ የጎማ ብር ነበር፤
ጎማው ባለበት ይቆይ።

በማግስቱ ድልድዩ ጋ ስደርስ ካፊያ ነው። ሂክማ ቆማለች።
እጇን አላነሳችም።
መኪናዬን ስታይ ፊቷን ወደ ወንዙ አዞረች፣
ጎርፉ ውስጥ አንዳች ነገር የጠፋባት መስላ፤
ለእኔ ብላ፣ እንዳላፍር።
መስታወቴ ውስጥ አስራ አንድ ልጅ፣ ሃያ ሁለት ዓይን።
ማንም አልተናገረ።
ከመንትዮቹ አንዱ ብቻ፣ ቀስ ብሎ፣ ወደ ዳር ተጠጋ፤
ከአጠገቡ የአንዲት መዳፍ ስፋት ክፍት ቦታ ትቶ፣
እስከ ትምህርት ቤቱ በር እንደዚያው ሄደ።

ዛሬ ማታ ሌላ ወረቀት ገዝቻለሁ፤ ባለ መስመሩን።
አመልካች ጓንጉል ነኝ፣ የአዘዞ ነዋሪ፤