ዝግ

አራብሳ፣ ከከተማው ጫፍ፣ አስፋልቱ ከሚያልቅበት፣
ነፋስ የሲሚንቶ ከረጢት ሲያባርር ከሚውልበት፣
ብሎክ ሁለት መቶ አራት፣ አራተኛው ፎቅ ላይ፣
እኔና ይርገዱ ነን፣ በር ለበር የምንተያይ።

ውሃ በሳምንት አንዴ፣ ማክሰኞ ሌሊት ይመጣል፤
መብራቱ እንደ አኩራፊ እንግዳ ሳይሰናበት ይወጣል።
ጅብ ከሕንፃው ጀርባ ያላዝናል ሲመሽ፤
ሰው ግን ዘንድሮ ጅቡን አይደለም የሚሸሽ።
ሰው የሚፈራው መንገዱን ነው፤ «ደረስኩ» የምትለዋን ቃል
ለመስማት ስንቱ ወላጅ ስልክ ታቅፎ ያነጋል።

ምናሉ ልጇ ነበር። (እሷ «ነበር» አትልም፤
እኔ ነኝ የምለው፤ ምላሴን አላረምኩትም።)
በኅዳር ነው የሄደው፣ በሌሊት አውቶቡስ፣ ለሥራ፤
«ድልድዩ ጋ ስንደርስ እደውላለሁ» አላት፣ ረዳቱ ሲጣራ።
አምስት ወር ሆነው እንግዲህ። ድልድዩ እንዴት ይርቃል!
በየማታው ትሞክራለች፤ ስልኩ ዝግ ነው ይላል።
ያቺ የስልክ ሴትዮ፣ ድምጿ የማይከፋ፣ የማይደክም፣
«የደወሉላቸው ደንበኛ…» ትላለች፤ ይርገዱ እስክትጨርስ አትቆይም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ፣ ከጉሊቷ ትመለስና
በሬን ታንኳኳለች፣ ዐይኗ ደክሟልና፤
«እስቲ አሥር ብር ሙላለት፤ የከፈተው ለት
ሒሳብ አጥቶ እንዳይቸገር፣ እናቱን ሲፈልጋት።»
እሞላለሁ። በተሳካ ሁኔታ ተልኳል፣ ይላል መልእክቱ፤
የት እንደገባ አይልም፤ እኔም አልጠይቅም በከንቱ።

ሁለት መቶ ምናምን ብር ጨለማ ውስጥ ተቀምጧል፤
ስንት ኪሎ ሽንኩርት ነው? ክፉ ልቤ ያሰላል።
አንድ ቀን አምልጦኝ «ይቅርብሽ» አልኳት፣ ደረጃው ላይ፤
ጀሪካኗን አስቀመጠች። ዝም ብላ፣ ዐይኔን በዐይኗ ስታይ
የኔ ነው የተሰበረው።

ዛሬ ቀዳም ሹር ነው።
ከቆርቆሮዋ መቃኞ፣ አባ ላእከማርያም መጡ፣
በቦቲ ጭቃውን አቋርጠው፣ በየፎቁ ትንፋሽ እየቀጡ፣
በክንዳቸው እቅፍ ቄጠማ፤ ውሃው ገና ያንጠባጥባል፤
ያ ግራጫ ደረጃ ለአፍታ የወንዝ ዳር ሽታ ሸቷል።
ይርገዱ አክፍላለች፣ ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቆ፤
አንዱን ራሷ ላይ አሰረች። ከዚያ እጇ እንደገና ተዘርግቶ፣
«አባ፣ አንድ ይጨምሩልኝ።» አባ ለማን ነው አላሉም፤
መርጠው፣ ረጅሙን ሰጧት፤ ሌላም ቃል አልተናገሩም።
ያን ወስዳ፣ ጃኬቱ የተንጠለጠለበት ምስማር ላይ አሰረችው።

እኔ ሦስት ፋሲካ አልፎኛል ደጀ ሰላም ካየሁ፤
ጋዜጣውን፣ ቁጥሩን፣ የሟቹን ብዛት እያየሁ
ጸሎት አፌ ላይ ኮመጠጠ።

ሲመሽ መብራት ሄደ። በሬ ተንኳኳ።
«ዛሬም?» አልኳት።
«ዛሬማ!» አለች፤ «ያኔም እኮ ቅዳሜ ዝግ ነበር፤
ድንጋይ፣ ማኅተም፣ ዘበኛ፤ የሚሰማ ድምፅ አልነበር።
ሴቶቹ ግን ሽቱ ገዙ። ድንጋዩን ማን ያንከባልላል
ብለው ተጨነቁ እንጂ፣ ገንዘባችን ይባክናል
አላሉም።
ይመጣል ብዬ አልምልልህም፤ የሱን እሱ ያውቃል።
እዚህ ይክፈተው፣ እዚያ፤
ብቻ ይከፈታል።»

የስልኬ ብርሃን ፊቷን ከታች ወደ ላይ አበራው፤
ቄጠማው ግንባሯ ላይ ደርቆ፣ ጫፉ ብቻ ነው የለመለመው።
አሥሩን ሞላሁላት። ከራሴም አሥር ጨመርኩ፤
አላየችም። አልነገርኳት።

በመስኮት፣ ከታች፣ ሰዎች ነጭ ለብሰው ይሄዳሉ፣
ጧፋቸውን በእጃቸው ጋርደው ከነፋስ ይከላከላሉ፤
ጅቡ አንዴ ጮኸ፣ ቀጥሎ የመቃኞዋ ደወል።

እሷ ወርዳ ስትቀላቀል፣ ቁጥሩን እኔው መታሁት፤
ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሴትዮዋን እስከ መጨረሻዋ ሰማኋት።
ዝግ ነው።
ዛሬ ገና ቅዳሜ ነው።