በሁለት ምስክር

ማኅበራችን አንድ ክፍል ናት፣ ከብርድ ልብሱ ፋብሪካ ጀርባ፤
ሁለት ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ጣሪያዋ ዝናብ የሚያስገባ።
በሯ ላይ ስሟ ተጽፏል አሉ፤ አላየሁትም፤
የጻፈው ልጅ ፊደል መግደፉን ግን ሳይነግረኝ ያለፈ የለም።

በደመወዝ መዝገብ «ጉዳይ አስፈጻሚ» ነኝ፤ ሥራዬ ደረጃ መቁጠር፤
ዐሥራ አራት ወደ ፋይናንስ፣ ሃያ ሁለት ወደ ፍትሕ፣
ከዚያ «ነገ ተመለሺ» ተብሎ ማደር።
የደብረ ብርሃን ውርጭ ደግሞ በትር የያዘ እጅ ይወዳል።

እመት ደብሪቱ ከመሐል ሜዳ ወዲያ በሌሊት ተነሥተው መጡ፤
የበግ ጠጉር ሽታ ቀደመ፤ ቀጥሎ ሳል፤ ቀጥሎ እሳቸው ተቀመጡ።
ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ እየበቀለ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲወጋቸው፣
ጎረቤት በወረንጦ ሲነቅልላቸው፣
«ነገ ጤና ጣቢያ» ሲሉ፣ ነገ መቼ ይመጣል?
ዓይን እንደ ጧፍ ነው፤ ሲያልቅ አይጮኽም፤ ዝም ብሎ ያልቃል።

ግን ለዚህ አልመጡም። ስለ ዓይናቸው ማውራት ትተዋል።
የመጡት ስለ ብራቸው ነው፤ ስድስት በግ ሸጠው አስቀምጠዋል።
ቁጠባ ተቋሙ «ማየት ለተሳነው ብቻውን አንከፍልም» አለ፤
«ሁለት ምስክር ይዘው ይምጡ።» ሁለት የሚያይ ሰው ደግሞ የት ጠፍቶ? ሞልቷል፤ አለ።
ይዘው ሄዱ። የቀረውን በራሳቸው አፍ፦

«አንዱ አነበበልኝ፣ አንዱ ቆጠረልኝ፤
በሁለት ምስክር ብሬ ጎደለብኝ።»

ሣቅሁ። ይቅር ይበለኝ፣ ሣቅሁ። እሳቸውም ሣቁ።
ሣቁ ሲያልቅብን ስሌቴን አወጣሁ፤ ወፍራም ወረቀት፣ ስታይለሱን።
ሌላ ቀን ቢሆን ለተስፋልደት በኮምፒውተር አስጽፈው ነበር፤
ያን ቀን ግን እምቢ አለኝ ሆዴ።
ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፤ እኛ ስንጽፍ ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤
ለመነበብ ሉኩ ይገለበጣል።
ሁለት ጊዜ ጻፍሁት፤ አንዱ ለእነሱ፣ አንዱ ለእኔ።

አቶ ልሳነወርቅ ተቀበለኝ። አገላበጠ። ደግሞ አገላበጠ።
«እህቴ፣ ይሄኮ ባዶ ወረቀት ነው።»
«ሦስት ገጽ ተኩል ነው፤ ቀንም አለው፤ ቁጥርም አለው።»
«ታዲያ እኔ በምን ዓይኔ ላንብበው?»
«ሕጉ ይታወቃል፣ አቶ ልሳነወርቅ። ሁለት ምስክር ያምጡ፤
አንዱ ያንብብልዎ፣ አንዱ መስመሩን ይቁጠርልዎ፤
ብቻ የሚያምኗቸው ይሁኑ።»

ከበስተኋላ የሆነ ሰው ሣቁን በሳል ሸፈነው።
እሱ ግን አልተቆጣም፤ እውነቱ ይነገር፣ ደግ ሰው ነው፤
ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና «ሕጉን እኔ አላወጣሁት» አለኝ።
ይህን ቃል ከየቢሮው አውቀዋለሁ፤ እስከ ዛሬ
ያወጣው ሰው የት ፎቅ እንደሚቀመጥ የነገረኝ የለም፤
ደረጃውን እቆጥርለት ነበር።

«እሺ፣ ገቢ ይበሉልኝ።»
ማኅተሙን እፍ አለበት፤ መታው፤ ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ፤
የእኔኑም ቅጂ ደግሞ መታልኝ።

ባጃጅ ውስጥ ጣቴን ሰደድሁ። ማኅተሙ ያረፈበት
አራት መስመር ተደፍጥጧል፤ ልሙጥ፤ አሁን እውነትም ባዶ ወረቀት።
እዚያ የነበረው ስማቸው ነው።
ከ«ደብሪቱ» የቀረችኝ «ቱ» ብቻ ናት፤
በጥፍሬ ከጀርባ ልገፋት ሞከርሁ፤ ነጥብ አንዴ ከሞተች አትነሣም።

ማታ ደወሉ፤ ነፋሱ ከቃላቸው በፊት ይሰማል።
«ምን አሉሽ?»
«ገቢ ሆኗል፣ እመት።»
«ገቢ ማለት?»
«ገባ ማለት ነው፤ መዝገብ ላይ።»
ዝም አሉ። ቀጥለው
«የኔማ ወጪ ከሆነ ቆየ» አሉ፤ መስመሩ ተቋረጠ።

ብርድ ልብስ ትከሻዬ ላይ ጣልሁ። ስሌቱን መልሼ ከፈትሁ።
ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከ«ደ» ጀመርሁ።
ጠቅ።